ሳጥኑን የከፋፈለው የአሳው አፍ ነው

ሚኒባሱ አዘዞን አልፎ ወደ ቆላ ድባ የሚወስደውን መንገድ እንደያዘ ጎማው ጉድጓድ ውስጥ ገባ። ጭኔ ላይ ያስቀመጥኩት ሳጥን ክዳኑ ብድግ አለና ሆዱ ውስጥ ያለውን ሁሉ ተሳፋሪው ላይ ዘረገፈው። እርሳሱ ወለሉ ላይ ተንከባለለ፣ የላስቲክ ትሎቹ ወንበር ሥር ገቡ። አንዱ የፕላስቲክ አሳ ግን፣ ሆዱና ጭራው ላይ ባለ ሦስት ጥፍር መንጠቆ የተንጠለጠለበት፣ አጠገቤ የተቀመጡት እናት ነጠላ ላይ ተለጠፈ።

«እማማ፣ እባክዎ እንዳይነቃነቁ» አልኳቸው።

ነጠላቸውን ቁልቁል አዩ፣ እኔን አዩ፣ ከዚያ ሳጥኑን አዩ። «ምንድን ነው ይኼ ልጄ? የሰይጣን ጥፍር?»

«የአሳ መንጠቆ ነው እማማ።»

«አሳ ይኼን አይቶ ነው የሚበላው?»

ረዳቱ ሳቀ። እኔ አልሳቅኩም፤ ጥያቄያቸው እውነት ነበረው። ከዚያ ቀን በፊት ሁለት ጊዜ ጣና ዳር ጎርጎራ ወርጄ ያንን የፕላስቲክ አሳ ቀኑን ሙሉ ስወረውር ስጎትት ውዬ፣ አንድም አሳ ዞር ብሎ አላየውም።

መንጠቆ የገባበትን ጨርቅ ወደ ኋላ መጎተት መቅደድ ነው። ጫፉ አጠገብ ወደ ኋላ የዞረች ትንሽ ጥርስ አለችው፤ ስትገባ ዝም ትላለች፣ ስትወጣ ትነክሳለች። ይኼን የተማርኩት ከሥራዬ ነው። የምሠራው መድኃኒት ቤት ሲሆን አንድ ቀን ጣቱ ላይ መንጠቆ የተሰካበት ልጅ መጣ። ጤና ጣቢያ ድረስ አብሬው ሄጄ ነርሷ እንዴት እንዳወጣችው ቆሜ አይቻለሁ። አልጎተተችውም። ጫፉን ወደፊት ገፍታ በሌላ በኩል ብቅ ካደረገችው በኋላ ጥርሷን በፒንሳ ቆርጣ የቀረውን በመጣበት መለሰችው።

ችግሩ ፒንሳ አልነበረኝም። በዚያ ሁሉ ኮተት መካከል አንድ ፒንሳ የለም! ሾፌሩ ጥግ ይዞ አቆመና ከመቀመጫው ሥር አውጥቶ አቀበለኝ። እማማ ነጠላቸውን በሁለት እጃቸው ወጥረው ያዙልኝ። «ጥለቱን ብቻ እንዳትነካብኝ» አሉ። መንጠቆው ከጥለቱ ሁለት ጣት ያህል ከፍ ብሎ ነበር። አንዱን ጥፍር ገፍቼ ቆረጥኩት፣ ሁለተኛውንም እንዲሁ። ሦስተኛው የያዘው አንድ ክር ብቻ ስለነበር በጥፍሬ አላቀቅኩት። ቀዳዳውን በአውራ ጣቴ ሳሸው ጠፋ። ሸማ ደግ ነው፣ ቀስ ብለው ካሻሹት ድሩና ማጉ ተመልሶ ይገጥማል።

«እግዜር ይስጥህ» አሉኝ፣ የሰካሁት ራሴ መሆኔን ረስተውት።

ያን ዕለት ማታ ቤት ገብቼ ሳጥኑን ሳሎን ምንጣፍ ላይ ገለበጥኩት። ይህ ጽሑፍ ከዚያ ወዲህ ወደ ሳጥኑ ስለተመለሱትና ስላልተመለሱት ነገሮች ነው።

ሳጥኑ የመጣው ከሚኒሶታ ነበር። የአክስቴ ልጅ እዚያ ነው የሚኖረው፤ የመኪና ታርጋቸው ላይ «10,000 ሐይቆች» ብለው የሚጽፉ ሰዎች አገር። በክረምት በረዶውን በስተው በቀዳዳው ያጠምዳሉ ብሎ ሲነግረኝ ያጋነነ መስሎኝ ነበር፣ ቪዲዮ ልኮ አሳየኝ። አንድ ዓመት ለጥምቀት ሲመጣ ይህን ሳጥን ተሸክሞ መጣ። ሲከፈት እንደ ደረጃ ሦስት ፎቅ ሆኖ ወደ ላይ የሚዘረጋ፣ ሙሉ ዕቃ የተሞላ ነው። ከዚያ በፊት የነበረኝ የብስኩት ቆርቆሮ፣ ሸምበቆና ጥቂት መንጠቆ ስለሆነ ያንን ሳጥን ሳየው ሹመት ያገኘሁ መሰለኝ።

ጎንደር ላይ ለመዝናናት አሳ የሚያጠምድ ሰው እንዴት እንደሚታይ የከተማው ልጅ ያውቀዋል። ቅዳሜ ከሰዓት ዘንግ ይዤ ስወጣ ጎረቤቴ «ምነው፣ መድኃኒቱ አልሸጥ አለ?» ይለኛል። አሳ ማጥመድ የሐይቅ ዳር ሰው እንጀራ ነው፤ ደመወዝተኛ ምን ይሠራዋል? ሐይቁም ቢሆን ቅርብ አይደለም፣ 60 ኪሎ ሜትር ገደማ መውረድ አለ። ሱስንዮስ ጎርጎራ ላይ ቤተ መንግሥት ነበረው። ልጁ ፋሲል ነው እ.ኤ.አ. በ1630ዎቹ ወደ ደጋው ወጥቶ ጎንደርን መናገሻ ያደረገው። ቁልቁለቱ ላይ ሚኒባሱ በተንገጫገጨ ቁጥር ይህ ውሳኔ ለእኔ ቢጤ እንዳልተጠና ይሰማኛል።

ወደ ሳጥኑ ልመለስ። ምንጣፉ ላይ የተዘረገፈው ዕቃ እንከን የሚወጣለት አልነበረም። እያንዳንዱ ነገር ግን የተሠራው እኔ ለማላውቀው አሳ ነው። ከጥርሳም አሳ ክር የሚከላከል የብረት ገመድ ነበረበት፤ ሚኒሶታ ውስጥ ፓይክ የሚባል አፉ በምላጭ የተሞላ አሳ አለ። ባስ ለሚባል ሌላ አሳ የሚሆኑ የላስቲክ ትሎችና እንቁራሪቶች ነበሩበት። ጥልቅ ውሃ ውስጥ የሚሰምጡ ከባድ እርሳሶችም አሉ። ጣና ደግሞ ስፋቱ ከ3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ ይሁን እንጂ ጥልቅ ሐይቅ አይደለም። በጣም ጥልቅ የሆነው ቦታ 14 ሜትር አካባቢ ነው፣ እኔ ከድንጋይ ላይ ቆሜ የምደርስበት ደግሞ ከወገብ ብዙም አይዘልም። እነዚያን እርሳሶች ስወረውር ጭቃ ውስጥ ተቀብረው ይቀሩ ነበር።

የአክስቴ ልጅ ምንም አላጠፋም። የእሱን ውሃ ሳጥን ነው ያመጣልኝ። የእኔን ውሃ ሳጥን መሥራት የእኔ ፋንታ ነበር። ከየት ልጀምር ብዬ ሳስብ የእማማ ጥያቄ ትዝ አለኝ፦ አሳ ይኼን አይቶ ነው የሚበላው? ስለዚህ ከአፉ ጀመርኩ።

ለእኛ ለጎርጎራ ዳር አጥማጆች ሦስት አፍ አለ፦ ቀረሶ፣ አምባዛ፣ ነጭ አሳ።

ቀረሶ፣ ሌላ ቦታ ቆሮሶ የሚሉት፣ አፉ ትንሽ ነው። ኑሮው በዋነኝነት ውሃው ላይ በሚንሳፈፍ በዓይን በማይለይ አረንጓዴ ነገር ስለሆነ ትልቅ ጉርሻ አልለመደም። አይውጥም፣ ይቆነጥራል። መጀመሪያ የያዝኩት መንጠቆ የጣት ግማሽ የሚያህል ነበርና ለአንድ ወር ያህል ቀረሶን ስቀልብ ከረምኩ፤ ሊጡን ዙሪያውን ቆንጥሮ ጨርሶ ባዶ ብረት ይመልስልኛል። መንጠቆ በቁጥር ነው የሚለካው፣ ቁጥሩ ግን እንደ ጫማ አይደለም። ከ1 ወደ 10 በጨመረ መጠን መንጠቆው ያንሳል። ከ1 ወዲያ የሚተልቀው 1/0፣ 2/0፣ 3/0 እየተባለ ይሄዳል። ይህን ሳላውቅ 2/0 ገዝቼ «ሁለት ቁጥር» ነው ስል የኖርኩ ሰው ነኝ። ለቀረሶ 8 ቁጥር ነው፣ ውሃው ጠርቶ አሳው ሲጠነቀቅ 10 ቁጥር። ክሩ 0.20 ወይም 0.25 ሚሊ ሜትር፣ ከዚያ ከወፈረ ያየዋል።

ምግቡ ላይ ከሙያዬ የተበደርኩት ዘዴ አለ። የእንጀራ ቁራሽ ውሃ ሲነካው ይሟሟል፣ የዱቄት ሊጥም ስትወረውረው አየር ላይ ይለይሃል። ትንሽ የመድኃኒት ቤት ጥጥ በጣት በጣቱ በታትኖ ከሊጡ ጋር ማሸት ነው፤ ቃጫው ሊጡን ያስረዋል። የሩዝ ፍሬ የምታህል እንክብል አድርጌ የመንጠቆውን ጫፍ ብቻ አለብሰዋለሁ። የምድር ትል ሲገኝ ከሁሉ ይበልጣል፣ ግን በበጋ ጎንደር ላይ ትል መፈለግ ወርቅ እንደመቆፈር ነው። ከጓሮ የቧንቧ ውሃ በሚንጠባጠብበት ጥግ፣ የቡና አተላ በሚደፋበት ቦታ ትንሽ ትንሽ አገኛለሁ። በአተላው ውስጥ እንዳሉ በቆርቆሮ ይዣቸው ስሄድ ቀኑን ሙሉ ይቆዩልኛል። ባለቤቴ ቆርቆሮው ከስኳሩ ጋር አንድ መደርደሪያ ላይ እንዳይቀመጥ ሕግ አውጥታለች፣ ትክክል ናት።

የቀረሶ ተንሳፋፊ ደግሞ የጃርት እሾህ ነው። ከሚኒሶታ የመጡት ቀይና ነጭ የፕላስቲክ ኳሶች ናቸው፤ ኳስ ለመስጠም ጉልበት ይፈልጋል፣ ቀረሶ ደግሞ ጉልበት አያወጣም። የጃርት እሾህ ቀጥ ብሎ ይቆማል፣ ሲቆነጠር ጫፉ ትር ትር ይላል። አንዱን ከደምቢያ ገበሬ በነፃ አገኘሁት፣ በክር ሁለት ቦታ አሰርኩት፣ እስከ ዛሬ አለ።

አምባዛ ሌላ ፍጥረት ነው። አፉ ሰፊ፣ ዙሪያውን ስምንት ጢም፣ ቆዳው ልስልስ፣ ቅርፊት የለውም። የሚያየው በአፍንጫውና በጢሙ ነው ቢባል ይቀላል፤ ጨለማና ድፍርስ ውሃ አይገደውም። ጥርሱ የሚቆርጥ ባይሆንም መንጋጋው ላይ እንደ ብርጭቆ ወረቀት የሚሻክር ነገር አለው፣ ቀጭን ክርን ሲያኘክ ቆይቶ ይበጥሰዋል። ስለዚህ ለእሱ 3/0 መንጠቆና ከመንጠቆው በላይ ክንድ የሚያህል 0.50 ክር አለኝ፣ የብረት ገመድ ግን አያስፈልግም። ከደረቱ በሁለቱም በኩል የሚወጣ እሾህ ስላለው ሲይዙት ከጭንቅላቱ ኋላ ነው። ከውሃ ወጥቶም በቀላሉ አይሞትም፣ ከአየር የሚተነፍስበት ሌላ አካል አለው። አንድ ጊዜ ማዳበሪያ ውስጥ ከትቼው ሦስት ሰዓት አልፎ አዘዞ ስንደርስ ተላወሰና ረዳቱ ከመኪናው ሊወርድ ምንም አልቀረው።

ምግቡ ሽታ ያለው ነገር ሁሉ ነው፤ የዶሮ አንጀት፣ ጉበት። ጉበት ከመንጠቆ ላይ ስለሚንሸራተት በስፌት ክር ጠምጠም አድርጌ አስረዋለሁ፣ ሳጥኔ ውስጥ ያለው ነጭ ድርና ማግ ለዚህ ነው። አንድ ነገር ግን ሁልጊዜ ያስቀኛል። የአሳ ገበያ የሚደምቀው በሁዳዴ ነው፤ ለ55 ቀን ሥጋ ሲቀር ሰው ወደ አሳ ይዞራል። (ጾም ላይ አሳ ይበላል አይበላም የሚለውን ክርክር እዚህ አልከፍተውም፣ ከቤቴ ውስጥ እንኳ አልተዘጋም።) ዶሮ ደግሞ በሁዳዴ አይታረድም። አምባዛ በሚፈለግበት ወቅት የአምባዛ ምግብ ከከተማው ይጠፋል። መፍትሔው መጀመሪያ ትንሽ ነጭ አሳ ይዞ እሱን ቆራርጦ መጠቀም ነው።

እናቴ ቤት ግን አምባዛ አይገባም። ዘሌዋውያን 11 ክንፍና ቅርፊት የሌለውን የውሃ ፍጥረት ይከለክላል፣ እሷም በዚህ አትደራደርም። የያዝኩትን አምባዛ እዚያው ጎርጎራ ለሚበሉ ሰዎች እሰጣለሁ፣ ቀረሶውን ይዤ እመለሳለሁ። ስለዚህ የሳጥኔ የአምባዛ ክፍል ለሰው ስጦታ የሚዘጋጅ ክፍል ነው ማለት ይቻላል።

አሁን ነጭ አሳ። ልቤ ያለው እዚህ ነው።

ነጭ አሳ ስንል አንድ አሳ የሚመስለን ብዙ ነን። ተመራማሪዎች ላቢዮባርበስ በሚሉት በዚህ ወገን ውስጥ 15 የሚሆኑ ከጣና በቀር በዓለም ላይ የትም የማይገኙ ዝርያዎች ለይተዋል። አንዱ በሳይንሳዊ ስሙ ጎርጎራን ተሸክሟል፣ ላቢዮባርበስ ጎርጎሬንሲስ ይባላል። ከፏፏቴው፣ ከጢስ ዓባይ፣ በታች ያለው አሳ 40 ሜትር ገደል ወጥቶ ሊቀላቀላቸው ስለማይችል እዚህ ለብቻቸው ቀርተው እየተለያዩ ሄዱ። የሚለያዩት ደግሞ በአፋቸው ነው! አንዱ አፉ ወደ ታች ዞሮ ጭቃ ይለቅማል፣ አንዱ ከንፈሩ ወፍሮ ከድንጋይ መካከል ይመጠምጣል፣ አንዱ አፉ ሰፍቶ ወደፊት ተወርውሮ ሌላ አሳ ይውጣል። ከእነዚያ 15ቱ ስምንቱ አሳ በል ናቸው። የሚገርመው መንጋጋቸው ላይ አንድም ጥርስ የላቸውም። ጥርሳቸው ጉሮሯቸው ውስጥ ነው፣ ያደኑትን በአፍ ይውጡትና እዚያ ያደቁታል።

ይህን ካነበብኩ በኋላ ነው ከሚኒሶታው ክምር ውስጥ አንዲት ነገር ፈልጌ ያወጣሁት፤ ጣት የምታህል የብር ቀለም ማንኪያ። ማንኪያ ስል እንደ ምግብ ማንኪያ ጎድጎድ ያለች፣ በውሃ ውስጥ ስትጎተት እንደቆሰለ ትንሽ አሳ እየተወዛወዘች ብልጭ ድርግም የምትል ብረት ናት። ጥርስ የሌለው አዳኝ ትልቅ የፕላስቲክ አሳ ምን ያደርግለታል? ሊውጠው የሚችለውን ነው የሚያባርረው። በማግስቱ ቅዳሜ ጠዋት ነፋሱ ሳይነሳ ጎርጎራ ድንጋዮቹ ላይ ቆሜ ወረወርኳት። አራተኛው ይሁን አምስተኛው ውርወራ ላይ ዘንጉ ጎበጠ። ከክርኔ እስከ ጣቴ ጫፍ የሚረዝም፣ አፉ እንደ ኪስ የሚከፈት ነጭ አሳ ነበር። እጄ ተንቀጥቅጦ ፎቶው ደበዘዘ፣ እስካሁን ስልኬ ላይ አለ።

ያቺን ማንኪያ በሦስተኛው ሳምንት እምቦጭ በላት። እምቦጭ ጣና ላይ ከታየ እ.ኤ.አ. ከ2011 ወዲህ ነው፣ በደምቢያ በኩል ያለው ዳርቻ ከተጎዱት አንዱ ነው። ላዩ የሚያምር አበባ፣ ሥሩ ግን ውሃው ውስጥ እንደ ጺም ተንጠልጥሎ ይጠብቃል፣ ባለ ሦስት ጥፍር መንጠቆ እዚያ ከገባ በኋላ ማስለቀቅ የለም። ክሩን ቆርጬ ተመለስኩ።

ሌላ ማንኪያ ከየት ይመጣል? ከቡፌው መሳቢያ። የሻይ ማንኪያ ወሰድኩና እጀታውን በብረት መጋዝ ቆርጬ ጠርዙን በሞረድ አለሰለስኩ። ጋራዥ ያለው ጎረቤቴ በሁለቱም ጫፍ ቀዳዳ በሳልኝ። በአንዱ ቀዳዳ ክሩ ይታሰራል፣ በሌላው እንደ ቁልፍ መያዣ ያለች ትንሽ ቀለበት ገብታ አንድ ጥፍር ብቻ ያለው መንጠቆ ይንጠለጠላል። ባለ አንድ ጥፍሩ ከእምቦጩ ሥር ቶሎ ይወጣል፣ አሳውንም ያለ ብዙ ጉዳት መልሶ ለመልቀቅ ይመቻል፣ ከነጠላም ጋር ይስማማል። በአመድና በሎሚ ፈትጌ አበራኋት። ማንኪያ ስትጎተት ስለምትሽከረከር ክሩን እንዳታጠማዝዘው፣ ሁለት ጫፏ ለየብቻ የሚዞር ትንሽ የብረት ዓይን ከፊቷ አስራለሁ። ከስድስቱ የሻይ ማንኪያ አምስት መቅረቱን ባለቤቴ ያወቀችው እንግዳ በመጣ ቀን ነው። አሁን ሦስት ናቸው።

ስለ ነጭ አሳ አንድ ነገር ሳልናገር አላልፍም። ከሐምሌ እስከ ጥቅምት ብዙዎቹ ዝርያዎች እንቁላል ሊጥሉ ወደ ወንዞቹ፣ ወደ መገጭ፣ ድርማ፣ ርብ፣ ጉማራ አፍ ይሰበሰባሉ። እዚያ በዚያ ወቅት ማጥመድ ቀላል ነው፣ ቀላልነቱ ነው ክፋቱ። እ.ኤ.አ. በ1986 ዘመናዊ የናይሎን መረብና የሞተር ጀልባ ከገባ ወዲህ የነጭ አሳ ቁጥር ክፉኛ መመናመኑን በሐይቁ ላይ የሠሩ ተመራማሪዎች ጽፈዋል። የእኔ አንድ መንጠቆ ሐይቁን አያራቁት ይሆናል፣ ግን በእነዚያ ወራት የማንኪያውን ክፍል ዘግቼ ቀረሶ ላይ ነኝ።

እርሳስ። ከጎሚስታ ነው የማገኘው፤ ከጎማ ባላንስ የወለቀውን የሚጥሉበት ቆርቆሮ አላቸው። ዛሬ ዛሬ ግን ሁሉም እርሳስ አይደለም፣ ዚንክና ብረትም አለበት፣ በጥፍር ሲጫኑት ምልክት የሚቀበለው እርሳሱ ነው። እሱን በመዶሻ አሳስቼ በመቀስ በቀጭኑ እቆርጠውና ክሩ ላይ አጥፌ በፒንሳ እጨብጠዋለሁ። አላቀልጠውም፣ ጭሱ መርዝ ነው። በጥርስ መንከስ ደግሞ ጭራሽ! ጎርጎራ ላይ ልጆቹ ሲያደርጉት ባየሁ ቁጥር እናገራለሁ፣ «እሺ ዶክተር» ብለው መልሰው ይነክሱታል። ዶክተር አይደለሁም፣ እነሱም ያውቃሉ።

ሳጥኑስ? የሚኒሶታውን ባለ ፎቅ ተውኩት። በከተማ መኪና ኋላ ተጭኖ ውሃ ዳር ለሚደርስ ሰው ጥሩ ነው። በሚኒባስ ጭን ላይ ለሚጓዝ ግን ሰፊና ከባድ ነው፣ መዝጊያውም አንድ ቀጭን ፕላስቲክ ምላስ ነበር። አሁን ያለኝ የኤሌክትሪክ ሠራተኞች የሚይዙት ዓይነት ነው። ርዝመቱ አንድ ክንድ የማይሞላ፣ ሁለት የብረት መቆለፊያ ያለው፣ ውስጡ አንድ የሚነሳ ትሪ ብቻ። ከመግዛቴ በፊት ሱቁ ውስጥ ጠጠር ሞልቼ ገልብጬ ነቀነቅኩት፤ ባለሱቁ ያበድኩ መሰለው፣ ግን አልተከፈተም። ላዩ ጠፍጣፋ መሆኑን ደግሞ ኋላ ነው የወደድኩት፣ ድንጋይ በሌለበት እቀመጥበታለሁ።

ትሪው ሦስት ቦታ ተከፍሏል፣ ለሦስቱ አፍ። መንጠቆዎቹ በባዶ የክኒን ብልቃጥ ውስጥ ናቸው። ክዳኑ ላይ ቁጥራቸውን ጽፌአለሁ፣ በየብልቃጡ ደግሞ ከመድኃኒት ማሸጊያ የተረፈችውን እርጥበት የምትመጥ ትንሽ ከረጢት ከትቻለሁ። ከዚያ ወዲህ ዝገት አላየሁም። የዋለ እርጥብ መንጠቆ ከደረቀው ጋር አይመለስም፣ ለብቻው ክዳን የሌለው ቆርቆሮ አለው፣ ቤት ደርቆ ነው የሚገባ። አንድ እርጥብ መንጠቆ ሃያ ደረቅ መንጠቆ ያበላሻል።

የላስቲክ ትሎቹን ደግሞ አንድ ክረምት በአሮጌው ሳጥን ውስጥ ረስቻቸው ስከፍት አንድ ላይ ቀልጠው ባለ ብዙ ቀለም ሙጫ ሆነው አገኘኋቸው፣ ሳጥኑንም ሥሩን በልተውታል። ለካ የሚያለሰልሳቸው ቅመም ሌላውን ፕላስቲክ ያሟሟል፣ ከመጡበት ከረጢት መውጣት አልነበረባቸውም። በዚህ አላዘንኩም፣ የሚጣሉትን ከመምረጥ ገላገለኝ።

ከትሪው ሥር ሰፊው ቦታ ለእኔ ለራሴ ነው። ፒንሳ፣ ከነመቁረጫው፣ እጄ ሲገባ መጀመሪያ በሚደርስበት በኩል። ቢላ። ፕላስተርና አዮዲን። መንጠቆ ሰውነቱን ለወጋው ሁሉ የቲታነስ ክትባቱን መቼ እንደወሰደ እጠይቀዋለሁ፣ ልማድ ሆኖብኛል። ትርፍ ክር በጥቁር ፌስታል ተጠቅልሎ አለ፣ ናይሎን ፀሐይ ሲመታው ስለሚደክም። ሌላ ባዶ ፌስታል ለቁርጥራጭ ክር። ዳር ላይ የተጣለ ክር እግሩን ያሰረው ይብራ አንድ ቀን አይቼ ከዚያ ወዲህ አንድ ክንድ እንኳ ጥዬ አልመጣሁም። በሳጥኑ የማይገባው ግን ከሁሉ የማልለየው የጎማ ቦቴ ነው። ዳርቻው ላይ ሣር ውስጥ ያሉት ቀንድ አውጣዎች የቢልሃርዝያን ትል ይለቃሉ፣ ባዶ እግርን አልፎ ይገባል። ፕራዚኳንቴል እኔው ራሴ የምሸጠው መድኃኒት ነው፣ ያለብህን ያጠፋልሃል፣ ነገ ውሃ ስትገባ ግን አይጠብቅህም።

ስለ ዘንግ ብዙ የምለው የለኝም። ሸምበቆ ለቀረሶ ይበቃል፤ ለማንኪያው ከሚኒሶታ የመጣው አለ።

ባለፈው ሳምንት የአክስቴ ልጅ በቴሌግራም ጻፈልኝ፦ ለጥምቀት እመጣለሁ፣ ለሳጥንህ ምን ይጨመር? ሳጥኑን ከፍቼ ብልቃጦቹን አንድ በአንድ ቆጠርኩና መለስኩለት፦ 8 ቁጥር መንጠቆ 50፣ 10 ቁጥር 20፣ ባለ አንድ ጥፍር 1/0 አሥር፣ 0.25 ክር አንድ ጥቅል።

«ይኼ ብቻ? ፖስታ ውስጥ ይገባል እኮ።»

«አዎ፣ ፖስታ ውስጥ ይገባል። ከቻልክ ደግሞ ስድስት የሻይ ማንኪያ።»

«ለማጥመጃ?»

«ለቤት» አልኩት።